የቀድሞ ዘመን የባሕር ኃይል የደንብ ልብስ ምልክቶችን መለየትና ዘመናቸውን መወሰን፦ ለአዳማ ሰብሳቢዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አዳማ ከባሕር የራቀች ከተማ ብትሆንም የባሕር ኃይል ቁልፍ፣ የኮፍያ አርማና የማዕረግ ጥብጣብ አይታጣባትም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ፣ ቀደም ባለው ጊዜም ወደ አሰብ የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት፣ የቀድሞው ምድር ባቡርም የሚቆምባት ከተማ ስለነበረች ከወደብ የሚመጣ ሰውና ዕቃ ለረጅም ዓመታት አልተለያትም። ዛሬ እንዲህ ያለው ዕቃ የሚገኘው በአብዛኛው አባታቸው ወይም አያታቸው ምጽዋ ወይም አሰብ ካገለገሉ ቤተሰቦች ሳጥን፣ በሰልባጅ ተራ ከተቆለለ አሮጌ ካፖርት፣ አንዳንዴም ቆራሌው ከየሰፈሩ ሰብስቦ ካመጣው የብረታ ብረት ጆንያ ውስጥ ነው። ሻጩ ብዙ ጊዜ የዕቃውን ምንነት አያውቅም፤ የሚያውቅ የመሰለው ደግሞ ሁሉንም «የጃንሆይ ጊዜ ነው» ይላል። ገዢው በራሱ ዓይን መለየት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

መመሪያው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው። አንድ ዕቃ በላዩ ካሉት ነገሮች ሁሉ አዲሱ ሥራ ላይ ከዋለበት ጊዜ በፊት ሊሠራ አይችልም። ዘውዱ የ1940ዎቹ ቢመስልም ጥልፉ የተጠለፈበት ክር በ1960ዎቹ የመጣ ከሆነ ዕቃው የ1960ዎቹ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ነው። ጀማሪ ሰብሳቢ ዓይኑ የሚያርፈው በጣም አሮጌ በሚመስለው ክፍል ላይ ነው፤ ልምድ ያለው ግን አዲስ የሚመስለውን ክፍል ፈልጎ ከዚያ ይነሣል። በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ የተጻፈው የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ የውጭ አገር ዕቃዎች ዓመታት ግን በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

አሥር እጥፍ የሚያጎላ የወርቅ ሠሪ ማጉያ መነጽር፣ ሚሊ ሜትር የሚለካ ካሊፐር፣ የወርቅ ቤት ሚዛን፣ ትንሽ ማግኔትና ደብተር በቂ ናቸው። በእነዚህ ላይ ገንዘብ ተቀባዮች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበትን ዓይነት የአልትራቫዮሌት መብራት ይጨምሩ። ይህ መብራት በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በርካሽ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ይልቅ ጨርቅና ክር ላይ የተሸሸገውን የሚያጋልጠው እርሱ ነው።

አንደኛ፦ ሳያጸዱ መመዝገብ

ዕቃው እጅዎ እንደገባ ፊቱንም ጀርባውንም በቀን ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ስፋቱን፣ ውፍረቱንና ክብደቱን ይጻፉ፤ ማግኔት ይስበው እንደሆነም ይሞክሩ። ነሐስና ብር በማግኔት አይሳቡም፤ የሚሳብ ከሆነ ከሥሩ ብረት አለ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ግን ማጽዳት የሚባለውን ነገር ፈጽሞ አያስቡት። በሎሚና በአመድ ማሸት ወይም ብራሶ መቀባት ለቤት ዕቃ የሚስማማ ልማድ ነው፤ በወርቅ የተቀባ ቁልፍ ላይ ግን የወርቁን ስስ ሽፋን ይገፍፋል፤ በቀዳዳውና በቀለበቱ ሥር የተጠራቀመውን የዘመን ቆሻሻም ያጠፋል። ያ ቆሻሻ ማስረጃ ነው፤ ቁልፉ ኮቱ ላይ ስንት ዘመን እንደቆየ ከሚናገሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነውና። ምልክቱ ከልብሱ ጋር እንደተሰፋ ከተገኘም አይፍቱት። ከኮቱ የተለየ ጥብጣብ ዋጋውም ታሪኩም ይቀንሳል።

ሁለተኛ፦ በእርግጥ የባሕር ኃይል ነውን?

መልሕቅ ያለበት ሁሉ የባሕር ኃይል አይደለም። አዳማ ላይ ይህን ጥያቄ በተለይ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በቅርብ ርቀት ላይ የምትገኘው ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ በመሆኗ በአንድ ቤተሰብ ሳጥን ውስጥ የአየር ኃይል ክንፍና የባሕር ኃይል ቁልፍ ተቀላቅለው መገኘታቸው የተለመደ ነው። ክንፍ ያለው ምልክት ወዲያው ይለያል፤ ስም አልባ የትከሻ ጥብጣብ ግን ያሳስታል። ሁለተኛው አሳሳች የንግድ መርከብ ነው። የኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ድርጅት የተቋቋመው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዓለም ሁሉ እንደተለመደው የንግድ መርከብ መኮንኖችም የወርቅ መስመርና መልሕቅ ይለብሳሉ። የንግድ ድርጅት ምልክት ብዙ ጊዜ የድርጅቱን ባንዲራ ወይም የስሙን መነሻ ፊደላት ይይዛል፤ የመንግሥት አርማ ግን አይኖረውም። እነዚህም ሊሰበሰቡ የሚገባቸው ናቸው፤ ነገር ግን በሌላ ረድፍ መቀመጥ አለባቸው።

ከሁሉ የሚያስቀው ስሕተት በብር ዕቃ ላይ የሚታየው ነው። የእንግሊዝ ብር በሚመረመርበት በበርሚንግሃም ከተማ የምርመራ ቤቱ ማኅተም ከ1773 ጀምሮ መልሕቅ ነው። ስለዚህ በማንኪያ፣ በሲጋራ ሣጥን ወይም በብሮሽ ጀርባ ላይ በጣም ትንሽ መልሕቅ ከአንበሳ ጋር ተቀርጾ ቢያገኙ ዕቃው የበርሚንግሃም ብር እንጂ የመርከበኛ ንብረት ነው ማለት አይደለም። ከጎኑ ያለው ፊደል ግን የተመረመረበትን ዓመት ስለሚያመለክት፣ መርከበኞች ለሚስቶቻቸውና ለእጮኞቻቸው ይሰጧቸው የነበሩትን ባለ ዘውድ ብሮሾች ዘመን ለማወቅ በጣም ይረዳል።

ሦስተኛ፦ አገሩንና መንግሥቱን ከአርማው ማንበብ

ይህ ደረጃ ሰፊው ነው፤ ጊዜዎን በብዛት የሚያሳልፉትም እዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ እንጀምር። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ባሕር ኃይል በ1955 እ.ኤ.አ. ተቋቋመ፤ ዋና ጣቢያው ምጽዋ ሲሆን የባሕር ኃይል ኮሌጁ በአሥመራ ነበር። በጅምሩ የኖርዌይና የብሪታንያ መኮንኖች በአማካሪነትና በአሠልጣኝነት አገልግለዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው፣ ቀድሞ የባሕር አውሮፕላኖች ደጋፊ የነበረችው መርከብ «ኢትዮጵያ» ተብላ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች። በየዓመቱ በምጽዋ ይከበር በነበረው የባሕር ኃይል ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ይገኙ፣ የብዙ አገሮች የጦር መርከቦችም ይመጡ ነበር። መርከበኞች የኮፍያ ጥብጣብና ቁልፍ መለዋወጣቸው በየትኛውም ወደብ የኖረ ልማድ ስለሆነ፣ አንድ የምጽዋ ባሕረኛ ሳጥን ውስጥ የእንግሊዝ ወይም የአሜሪካ ምልክት መገኘቱ ሊያስደንቅ አይገባም። የዚያ ሰው የማዕረግ ምልክት ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው።

የዘውዱ ዘመን ዕቃ የሚለየው በንጉሠ ነገሥቱ ዘውድና በይሁዳ አንበሳ ነው። አንበሳውን በማጉያ ይመልከቱ፤ ራሱ ላይ ዘውድ ካለና የያዘው በትር ጫፉ መስቀል ከሆነ ከአብዮቱ በፊት የነበረው ሥርዓት ምልክት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ ዘውዳዊው ሥርዓትም በዚያው ዓመት በመጋቢት ተሻረ። ከዚያ በኋላ በመንግሥት ምልክቶች ላይ አንበሳው ዘውዱን አጣ፣ በትሩም ጫፉ ጦር ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ አንበሳው ቀርቶ ማረሻ ያለበት አዲስ አርማ ተተካ። በ1987 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ሲታወጅ ደግሞ ቀይ ኮከብና የአክሱም ሐውልት የሚታዩበት አርማ መጣ። እንግዲህ ዘውድ የሌለው አንበሳ የሚታይበት ዕቃ ጠባብ የሆነ የሽግግር ጊዜ ይጠቁማል፤ ሰብሳቢው ሊፈልገው የሚገባው እንዲህ ያለውን ነው። ዘውዱ በሞረድ የተፋቀ ምልክት ካጋጠምዎት ደግሞ አንድ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ይመዝግቡለት፦ የተሠራበትንና የተፋቀበትን። የተፋቀው ቦታ ከሌላው ገጽ ጋር እኩል የጠቆረ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ነጭና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሥራው የትናንት ነው።

የኢትዮጵያን ዕቃ ዘመን በመወሰን ረገድ አንድ የሚያግዝ ነገር አለ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ በ1983 ዓ.ም. የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ተሻገሩ፤ ባሕር ኃይሉ በ1988 ዓ.ም. በይፋ ፈረሰ። እንደገና የተቋቋመው ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ነው። ስለዚህ ከ1988 እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ አዲስ የደንብ ልብስ ምልክት ሲወጣ ነበር ማለት አይቻልም። ሻጩ «የዘጠናዎቹ ነው» ካለ ወይ ዘመኑን ተሳስቷል፣ ወይ ዕቃው የሌላ መሥሪያ ቤት ነው።

በኢትዮጵያ ሜዳሊያዎችና በተቀረጹ ስጦታዎች ላይ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ሊጻፍ ይችላል። ፲፱፻፶፬ የሚል ቢያገኙ 1954 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከመስከረም 1961 እስከ ጳጉሜን 1962 እ.ኤ.አ. ያለውን ጊዜ ይሸፍናል። ወሩ ካልተጻፈ አንዱን ዓመት መርጠው አይጻፉ፤ «1961/62» ብለው ይመዝግቡ። የውጭ አገር ገዢዎች በዚህ ስሌት ዘወትር ይሳሳታሉ፤ የ1954ቱን ጽሑፍ እንደ ራሳቸው አቆጣጠር አንብበው ባሕር ኃይሉ ራሱ ከመቋቋሙ በፊት የተሠራ ያደርጉታል። በንጉሡ ዘመን ሜዳሊያዎች ጀርባ ላይ የአዲስ አበባው ጌጣ ጌጥ ሠሪ የሴቫጂያን ስም ወይም የለንደኑ የማፒን ኤንድ ዌብ ስም ይገኛል፤ ሜዳሊያ ከደንብ ልብሱ ጋር አብሮ ከተገኘ ይህን ጽሑፍ አይዝለሉት።

የእንግሊዝ ዕቃ ዋና ሰዓቱ ዘውዱ ነው። በመኮንኖች ቁልፍ ላይ ገመድ የተጠመጠመበት መልሕቅ ከዘውድ ጋር መታየት የጀመረው በ1812 ነው። ከ1902 አካባቢ እስከ 1952 ያለው «የንጉሥ ዘውድ» ቅስቶቹ እንደ ጉልላት ክብ ሆነው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከ1953 ጀምሮ ያለው «የንግሥት ዘውድ» ግን ቅስቶቹ መሐል ላይ ወደ ታች ይሰረጉዳሉ። ብዙ ሰብሳቢ የሚያውቀው እስከዚህ ነው። አዲሱ ወጥመድ በ2022 ንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ከነገሡ በኋላ ክብ ቅስት ያለው ዘውድ ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ከእንግዲህ ክብ ዘውድ ማለት የግድ ከ1952 በፊት ማለት አይደለም። የሁለቱ ልዩነት የሚታወቀው ከዘውዱ ሳይሆን ከጀርባው፣ ከብረቱና ከክሩ ነው።

በእንግሊዝ መኮንኖች እጅጌ ላይ ከላይኛው የወርቅ መስመር ላይ ክብ ጥምዝ ይታያል። ጥምዙ በ1856 ሲጀመር ለአዛዥ መኮንኖች ብቻ ነበር፤ ለመሐንዲሶች በ1915፣ ለሌሎቹም በ1918 ተፈቀደ። በመስመሮቹ መካከል የሚገባው ባለ ቀለም ጨርቅ ሙያን ያመለክታል፦ ሐምራዊ መሐንዲስን፣ ቀይ ሐኪምን፣ ነጭ ሒሳብና አቅርቦትን። ይህ ልማድ ለአብዛኛው ሙያ በ1955 ቀረ፤ ለሕክምና ግን ቀጠለ። ሞገድ የሚመስል መስመር የበጎ ፈቃደኛ ተጠባባቂ መኮንኖች ነበር፤ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኖሯል። እንግዲህ ጥምዝና ሐምራዊ ጨርቅ አብረው የተገኙበት እጅጌ ከ1915 እስከ 1955 ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል። አንድ ትንሽ ጨርቅ ይህን ያህል ሲያጠብ ማየት ከዚህ ሥራ ደስታዎች አንዱ ነው።

የአሜሪካ ዕቃ ወደ እኛ አገር የገባበት መንገድ ግልጽ ነው፤ በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመገናኛ ክፍልም ነበር፤ ጣቢያው የተዘጋው በ1977 ነው። በመኮንኖች የኮፍያ አርማ ላይ ያለው ንስር እስከ 1941 ድረስ ወደ ራሱ ግራ፣ ማለትም ወደ ተመልካቹ ቀኝ ይመለከት ነበር፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ወደ ራሱ ቀኝ ዞሯል። በቁልፎች ላይም እንዲሁ። የበታች ሹማምንት የክንድ ምልክት ደግሞ እስከ 1949 ድረስ እንደ ሙያው በቀኝ ወይም በግራ ክንድ ይደረግ ነበር፤ በዚያ ዓመት ሁሉም ወደ ግራ ክንድ ተዛወረ። በሰልባጅ ሸሚዝ ወይም ጃኬት ውስጥ ያለውን፣ የግዢ ውሉ ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ጨርቅም ያንብቡ። ዲ.ኤስ.ኤ. (የአሜሪካ መከላከያ አቅርቦት መሥሪያ ቤት) ተብለው የሚነበቡ የላቲን ፊደላት ካሉበት ከ1962 እስከ 1977 ባለው ጊዜ የተገዛ ነው፤ ከፊደላቱ ቀጥሎ ባለው ቁጥር መካከል እንደ 68 ያለ ሁለት አሃዝ ደግሞ የበጀት ዓመቱን ያሳያል። የመሥሪያ ቤቱ አዲስ ስም የሆነው ዲ.ኤል.ኤ. ከሆነ ከ1977 ወዲህ ነው።

የጣሊያንን በአጭሩ፦ ምጽዋ ሚያዝያ 8 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች እጅ እስክትወድቅ ድረስ የጣሊያን የቀይ ባሕር መርከቦች ጣቢያ ስለነበረች ቅሪቷ ይገኛል። በኮፍያ አርማው ላይ የንጉሡ ዘውድ ካለ ጣሊያን ሪፐብሊክ ከሆነችበት ከ1946 በፊት ነው፤ የግንብ ማማና የጥንት መርከብ አፍንጫ ያለበት ዘውድ ከሆነ ከዚያ በኋላ ነው። አንገትጌ ላይ ያለችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ለመላው የጣሊያን ጦር የጋራ ስለሆነች ብቻዋን የባሕር ኃይል ማስረጃ አትሆንም።

የሶቭየት ዕቃ በደርግ ዘመን የመጣ ነው። ሶቭየቶች በዳህላክ ደሴቶች፣ በኖኩራ ጣቢያ ነበራቸው፤ መርከቦችንም ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል። በቁልፋቸው ላይ ያለው መልሕቅ ብቻውን ዘመን አይናገርም፤ ከሶቭየት ኅብረት መፍረስ በኋላም ቀጥሏልና። ኮከብ፣ መዶሻና ማጭድ ካለ ግን ከመፍረሱ በፊት ነው። የትከሻ ሰሌዳ ወደ ሶቭየት ጦር የተመለሰው በ1943 ስለሆነ ከዚያ አይቀድምም። የሰሌዳውን ጀርባና የልብሱን ገበር ይመልከቱ፤ ፋብሪካውንና ዓመቱን የያዘ የቀለም ማኅተም ብዙ ጊዜ ይገኝበታል።

አራተኛ፦ ጀርባውን ማንበብ

ፊቱ የሚናገረው ደንቡን ነው፤ ጀርባው የሚናገረው ፋብሪካውን ነው። በቁልፍ ጀርባ ዙሪያ የሠሪው ስምና ከተማ በጥቃቅን ፊደል ይታተማል። የኩባንያ ስም በጊዜ ብዛት ስለሚለወጥ ስሙ ራሱ ዘመን ይሆናል። ለምሳሌ የእንግሊዝ መኮንኖች ልብስ ሰፊ የሆነው ጊቭስ ከሆክስ ጋር የተቀላቀለው በ1974 ነው፤ በኮት ገበር ላይ ሁለቱ ስሞች አብረው ካሉ ልብሱ ከዚያ በፊት ሊሰፋ አይችልም።

ብረቱንም ይመርምሩ። በእንግሊዝ ጦር ልብሶች ላይ ቀለም የተሰጠው ቀላል አሉሚኒየም ቁልፍ መግባት የጀመረው ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው፤ ሲይዙት ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ መወልወልም አይፈልግም። የንጉሥ ዘውድ ያለበት አሉሚኒየም ቁልፍ ካገኙ ቆም ይበሉ፤ ወይ በጠባቡ የሽግግር ጊዜ የወጣ ነው፣ ወይ ከ2022 በኋላ የተሠራ ነው፣ ወይ ሐሰተኛ ነው። የቁልፍ መጠን በውጭ አገር ዝርዝሮች ሊኝ በሚባል የቁልፍ መለኪያ ይሰጣል፤ 40 ሊኝ 25.4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ሒሳብ በካሊፐር የለኩትን ወደዚያ ይቀይሩ። መያዣውን በተመለከተ፣ ሁለት አጫጭር ሹሎችና ተጭኖ የሚለቅ መቆለፊያ ያለው የአሜሪካ ምልክት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አይቀድምም። በብሎን የሚታሰረውን ግን አሮጌ ነው ብለው አይደምድሙ፤ የአሜሪካ የመኮንኖች ኮፍያ አርማ ዛሬም በብሎን ይታሰራል።

አምስተኛ፦ ጥልፉ፣ ክሩና ጨርቁ

የጥሩ ዘመን የመኮንን ጥልፍ የሚሠራው በወርቅ ከተነከረ ስስ የብር ወይም የመዳብ ሽቦ ነው። ሽቦው እንደ ሞላ የተጠመዘዘ ስለሆነ በማጉያ ሲታይ ቀለበቶቹ ይለያሉ፤ ዕድሜ ሲጫነውም ከጠርዙ ጀምሮ ወደ ቡናማና ጥቁር ይሄዳል። ከፕላስቲክና ከስስ የብረት ሽፋን የተሠራው አንጸባራቂ ክር ግን በሰፊው የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲሆን፣ ጠፍጣፋ ነው፣ አይጠቁርም፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል።

አሁን መብራቱን አውጥተው ጨለማ ክፍል ውስጥ ይግቡ። ጨርቅን ነጭ የሚያስመስሉ ኬሚካሎች በክርና በሳሙና ውስጥ የተስፋፉት ከጦርነቱ በኋላ ስለሆነ፣ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ የሚያበራ የስፌት ክር «ከጦርነቱ በፊት» የተባለውን ታሪክ ያፈርሳል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በኦሞ የታጠበ የ1930ዎቹ ሸሚዝም ያበራል። ስለዚህ ጨርቁ በሙሉ ቢያበራ መታጠቡን ብቻ ያሳያል፤ ጨርቁ ጨልሞ የስፌቱ ክር ብቻ ካበራ ግን ምልክቱ በኋላ የተሰፋ ነው። የተፈታች ቁራጭ ክር ካለች በእሳት ሊሞከር ይችላል፤ ሱፍ እንደ ጸጉር ይሸታል፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ፖሊስተር ደግሞ ቀልጦ ጥቁር ጠጠር ይሆናል። ፖሊስተር በልብስ ላይ የተስፋፋው ከ1950ዎቹ ጀምሮ ነው።

የኮፍያ ጥብጣብም የራሱ ምስክርነት አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለምሥጢር ሲሉ የመርከቧን ስም ከጥብጣቡ አውጥተው «ኤች.ኤም.ኤስ.» (የግርማዊነታቸው መርከብ) የሚለውን ብቻ ተዉ፤ አሜሪካኖችም በ1941 የመርከብ ስም ትተው የባሕር ኃይሉን ስም ብቻ አደረጉ። የአሜሪካው ክብ ጥቁር ኮፍያ ራሱ በ1963 ቀረ።

ስድስተኛ፦ ሐሰተኛውን መጠርጠር

በፓኪስታን የሲያልኮት ከተማ የሽቦ ጥልፍ ምልክት ለብዙ አገሮች ይሠራል፤ ሥራውም መጥፎ አይደለም። ችግሩ አዲሱ ሥራ አሮጌ ተብሎ ሲሸጥ ነው። ሽቦው በሙሉ እኩል ቢጫ ከሆነ፣ ጀርባው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ወይም ጨርቅ ካልቆሸሸ፣ በጠርዙም ላይ የመርፌ ቀዳዳ ከሌለ ልብስ ላይ ተሰፍቶ የማያውቅ ነው። በሻይ ወይም በቡና ተነክሮ ያረጀ የተደረገ ጨርቅ ደግሞ ነጠብጣቡ በማይደረስበት በስፌቱ ሥር ሳይቀር ይታያል፤ እውነተኛው እርጅና ግን ፀሐይና ላብ የነካውን ቦታ መርጦ ነው የሚይዝ።

የብረቱ ሐሰተኛ በአብዛኛው ቀልጦ የተቀዳ ነው። እውነተኛው በብርቱ ማኅተም ስለሚመታ የገመዱ ክሮችና የዘውዱ ዕንቁዎች ጠርዛቸው ስለታም ነው፤ የተቀዳው ግን ፊቱ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ፣ ጎኑ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይኖረዋል፣ ዝርዝሩም የደበዘዘ ነው። ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ቅርጽ ወስደው የሚቀዱት ብረቱ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር ከዋናው በጥቂቱ ያንሳል፤ ቀደም ብለው በካሊፐር የለኩት እዚህ ላይ ዋጋ ያገኛል።

ሰባተኛ፦ ሁሉንም አንድ ላይ ማስቀመጥ

እንበል፣ ከአንድ ቤተሰብ ጥቁር ሰማያዊ የእንግሊዝ ኮት ቀረበልዎ። እጅጌው ላይ ጥምዝና ሐምራዊ ጨርቅ አለ፤ ይህ ከ1915 እስከ 1955 ይላል። ከስምንቱ ቁልፎች ሰባቱ የንጉሥ ዘውድ ያላቸው በወርቅ የተቀባ ነሐስ ናቸው፤ ይህ ከ1952 በፊት ይላል። ስምንተኛው የንግሥት ዘውድ ያለው ነው፤ ይህ ከ1953 ወዲህ ይላል። ደንቡን እንዲሁ ብናሠራው ኮቱ ከ1953 እስከ 1955 ይሆናል፤ ነገር ግን ደንቡ የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ለተሠራ አካል ነው። ስለዚህ የስምንተኛውን ቁልፍ ክር በመብራቱ ይመርምሩ። ክሩ ከሌሎቹ የተለየ ከሆነና ከበራ ቁልፉ የተተካ ነው፤ ኮቱ ከ1952 በፊት የተሰፋና ቢያንስ እስከ 1953 የተለበሰ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ መደምደሚያ አንድ ዓመት ከመጥራት የበለጠ ይናገራል፤ የልብሱን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን የለባሹን አገልግሎት ርዝመትም ያሳያልና።

ከዚያ በኋላ ሰውን ይጠይቁ። ጥያቄውን በመጨረሻ ማድረጉ ሆን ተብሎ ነው፤ የቤተሰቡን ታሪክ አስቀድሞ የሰማ ዓይን የሰማውን ብቻ ያያል። ወደ ቤቱ ሲሄዱ ዋጋ ከመጥራት በፊት «ጋሼ፣ ይህ የማን ነበር? የት ነው ያገለገሉት?» ብሎ መጀመር፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ አዛውንት ከሆኑም በኦቦ ወይም በአዴ ማክበር ተገቢ ነው። የአገልግሎት ደብተር፣ የምረቃ ፎቶግራፍ፣ ከምጽዋ የተላከ ደብዳቤ ካለ ለመግዛት ባይፈቀድልዎ እንኳ ፎቶግራፍ እንዲያነሡ ይለምኑ። በፎቶግራፉ ላይ ያለው ምልክት በእጅዎ ካለው ጋር በመስመር ብዛትና በቁልፍ ረድፍ ይመሳሰል እንደሆነ ያነጻጽሩ።

ስለ አያያዝና ስለ ሕግ

የአዳማ ሙቀትና አቧራ ለብረቱ ከእርጥበት ይሻላል፤ ለጥልፉ ግን አቧራው እንደ ሞረድ ነው። ጥልፍን ሳያጥፉ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል፣ ፀሐይ በማይደርስበት ሣጥን ያስቀምጡ። የብር ሽቦን ከሱፍ ጋር አነባብረው አያቆዩ፣ በጎማ ላስቲክም አይጠምጥሙ፤ ሁለቱም ውስጥ ያለው ድኝ ብሩን ያጠቁራል። ቁልፎችን አንድ ጆንያ ውስጥ ማፍሰስም እርስ በርሳቸው እንዲፋቁ ማድረግ ነው።

የጦር ኃይል የደንብ ልብስንና ምልክትን ያለ መብት ለብሶ መታየት በሕግ ያስጠይቃል፤ የሚሰበስቡትን በሣጥን ያሳዩት እንጂ በትከሻዎ ላይ አያድርጉት። ቅርስ ሊባል የሚችል ዕቃ ከአገር ለማውጣት ደግሞ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በተለይ የንጉሠ ነገሥቱ አርማ ያለበትን ዕቃ ለውጭ ገዢ ከመላክዎ በፊት የቅርስ ባለሥልጣኑን ይጠይቁ።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ካርድ ያዘጋጁ። በካርዱ ላይ የተገኘበትን ቦታና ቀን፣ መጠኑንና ክብደቱን፣ በፊቱና በጀርባው ያለውን ጽሑፍ ሳያርሙ እንደተጻፈ፣ «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚያሰኘውን ክፍል፣ «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» የሚያሰኘውን ክፍል፣ በመጨረሻም የቤተሰቡን ቃል ለብቻው ለይተው ይጻፉ። ዓመቱን በእርሳስ ይጻፉት።